ከበሩ ላይ የሚቀረው ዕቃ

ከቁስቋም ማርያም ወደ ስድስት ኪሎ የሚወስደው መንገድ ቁልቁለት ነው። ሽሮ ሜዳን ከነሸማ ሱቆቿ አልፎ፣ የአሜሪካ ኤምባሲን አጥር ተከትሎ ወርዶ፣ ከዩኒቨርሲቲው በር ያደርሳል። በ1917 ዓ.ም የተከፈተው የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት፣ የዛሬው እንጦጦ ፖሊቴክኒክ፣ የሚገኘው በዚሁ አካባቢ ነው። እቴጌ መነን፣ የዛሬው የካቲት 12፣ ደግሞ ትንሽ ወረድ ብሎ አለ። የዚህ ሰፈር ልጆች በዚህ ቁልቁለት ለፈተና መውረድ ከጀመሩ አንድ ሙሉ ዕድሜ ሊሞላ ነው። ወራጁ ተማሪ በእጁ ምን ይዟል? ከበሩስ ላይ ምን ይቀሙታል? ጥያቄው ተራ ይመስላል። ግን የአገሪቱ የፈተና ታሪክ ግማሹ ያለው እዚያ ኪስ ውስጥ ነው።

ከዘመናዊው ትምህርት በፊት ፈተና ዕቃ አይፈልግም ነበር። የቆሎ ተማሪ ያለው ደበሎና አኩፋዳ ነው። የቅኔ ተማሪ ዛፍ ሥር ወይም ጎጆው ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ ይቆጥራል፤ ከዚያ የኔታ ፊት ቀርቦ በቃሉ ይነግራል። ቅኔ አይደገምም፤ ትናንት የተባለውን ዛሬ ይዞ የመጣ ይታወቅበታል፣ ያፍራል። የሚፈተሽ ኪስ የለም፣ የሚደበቅ ወረቀትም የለም። ኩረጃን የሚከለክለው ፈታሹ ራሱ ነው፤ ተማሪውን ከነቤቱ፣ ከነአነጋገሩ ያውቀዋል። ይህን ማንሳት የድሮውን ለማሞካሸት አይደለም፤ የኔታ በአንድ ጊዜ ስምንት መቶ ሺህ ተማሪ አልፈተኑም።

ወረቀቱ የመጣው ከውጭ ነው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በነበሩት ዓመታት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የለንደን ዩኒቨርሲቲን የመግቢያ ፈተና ይቀመጡ ነበር። ፈተናው ቀርቶ ስሙ ቀረ፤ ኢትዮጵያ የራሷን የመልቀቂያ ፈተና ካዘጋጀች በኋላም ሕዝቡ እስከ ዛሬ «ማትሪክ» ነው የሚለው። ፈታሹ ተማሪውን የማያውቅበት ዘመን የጀመረው ያኔ ነው። ወረቀቱን የሚያርመው ሰው ሌላ ቦታ ተቀምጧል፤ የሚያየው ቁጥር እንጂ ፊት አይደለም። ስለዚህ መታወቂያ አስፈለገ፣ ጠባቂ አስፈለገ። የመልስ ወረቀት በማሽን መነበብ ሲጀምር ደግሞ የተፈታኙ ዕቃ ተወሰነ፤ እርሳስ፣ ላጲስ፣ መቅረጫና የመፈተኛ ካርድ። የብዙ ሰው ትዝታ ይኼ ነው። እናት ሁለት እርሳስ ቀርጻ ትሰጣለች፤ አንዱ ቢሰበር ሌላው እንዲኖር።

ከዚያ ትይዩ አጤሬራ አለ። በጭን ላይ የተጻፈ፣ እጅጌ ውስጥ የተጠቀለለ፣ የላጲስ ልባስ ውስጥ የገባ። አጤሬራ የድሃ ቴክኖሎጂ ነው፤ ለማዘጋጀት እንኳ ትምህርቱን ማንበብ ይጠይቃል። አንዳንዱ ጽፎ ሲጨርስ ይዞት የማይገባው ለዚህ ነው፤ ሲጽፍ ተምሮታል።

ነገሩ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1905 እስከተሻረ ድረስ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ የቆየው የቻይና የመንግሥት ሹመት ፈተና በዚህ የሚደርስበት የለም። ተፈታኞች ቀናት በሚፈጀው ፈተና ጠባብ ክፍል ውስጥ እያደሩ ይጽፉ ነበር፤ የሚተኙበትን፣ የሚበሉትን፣ ቀለማቸውንና ብሩሻቸውን ተሸክመው ይገባሉ። በር ላይ ልብሳቸው ይፈተሻል፣ ያመጡት ምግብ ሳይቀር ይቆረሳል። ያም ሆኖ በደቃቅ ጽሕፈት የተሞሉ የውስጥ ሸሚዞች ዛሬም በሙዚየሞች ይገኛሉ።

የእኛ አገር ትልቁ ስብራት የመጣው ግን ከተማሪ ኪስ አልነበረም። በግንቦት 2008 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና ሊጀመር ሲል የእንግሊዝኛው ወረቀት ከነመልሱ ፌስቡክ ላይ ወጣ። ያወጡት ከአገር ውጭ ያሉ የተቃውሞ አራማጆች ነበሩ፤ ምክንያታቸው በኦሮሚያ ተቃውሞ ወራት ትምህርት የተቋረጠባቸው ተማሪዎች ሳይዘጋጁ ይፈተናሉ የሚል ነበር። ትምህርት ሚኒስቴር ፈተናውን ሰረዘ። ከሩብ ሚሊዮን ያላነሰ ተማሪ የቀረጸውን እርሳስ ይዞ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ወረቀቱ ከየት ወጣ? ከማተሚያ፣ ከመጋዘን፣ ከማጓጓዣ፣ ከሹም እጅ፤ ከየትም ሊሆን ይችላል። ከአንድ የነገ ተፈታኝ ጃኬት ግን ሊሆን አይችልም።

መልሱ ግን ወደ ታች ወረደ። በሐምሌ 2008 ፌስቡክና መሰሎቹ በመላ አገሪቱ ተዘጉ፤ የመንግሥት ቃል አቀባይ ምክንያቱ ፈተናው መሆኑን ተናገሩ። በቀጣዩ ዓመት ግንቦት ማብቂያ ላይ ኢንተርኔት ለሳምንት ያህል ጠፋ። በሰኔ 2011 ዓ.ም፣ በለውጡ መንግሥት ጊዜም፣ በፈተና ሰሞን እንደገና ጠፋ። ሲታሰብ ይገርማል። ክልከላው ከክፍሉ በር አልፎ አገር አከለ፤ ስልክ ይዞ መግባት የተከለከለው ተፈታኙ ብቻ ሳይሆን ባንኩ፣ ነጋዴውና ሆስፒታሉ ጭምር ሆነ። ያም አላዋጣም። የ2011 ውጤት ሲወጣ የአንዳንዶቹ ትምህርቶች ነጥብ ከልክ በላይ ከፍ ብሎ ስለተገኘ፣ ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ እንዲያዙ የተደረገው የተወሰኑት ብቻ ነበሩ።

ሚኒስትሩ ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ የመጡት በዚህ ፍርስራሽ ላይ ነው። ከመስከረም 30 ቀን 2015 ዓ.ም ጀምሮ ተማሪዎች ከየትምህርት ቤታቸው ወጥተው በዩኒቨርሲቲዎች፣ እዚያው እያደሩ፣ ተፈተኑ። መጀመሪያ ማኅበራዊ ሳይንስ፣ ቀጥሎ ተፈጥሮ ሳይንስ። ስልክ፣ ታብሌት፣ ስማርት ሰዓት፣ ጌጣጌጥ ሳይቀር ተከለከለ፤ በምትኩ ብርድ ልብስና አንሶላ ተሸክሞ መሄድ መጣ። የቻይናው ተፈታኝ ከነፍራሹ ተመለሰ ማለት ነው። ለኩረጃ ተባባሪ ከነበረው ጠባቂና ርዕሰ መምህር መራቅ ከፍተሻው ሁሉ የበለጠ እንደሠራ ማመን ይቻላል፤ በክፍል ውስጥ መልስ ሲነበብ ዝም ይሉ የነበሩት አዋቂዎች ነበሩና።

ውጤቱ በጥር ወር ተነገረ። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከአንድ ሺህ በለጡ። በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ በ2016 ዓ.ም ደግሞ 5.4 በመቶ ሆነ። ብዙ ሰው ቁጥሩን የሌብነት ማስረጃ አድርጎ አነበበው፤ ስልካቸውን ብንቀማቸው ባዶ ሆነው ተገኙ እንደማለት። ይህ ንባብ ጨካኝ ነው፤ ልክም አይደለም። ከበሩ ላይ የተቀማው ስልክ ቢሆንም፣ ከዚያ በፊት ለአሥራ ሁለት ዓመት ያልተሰጣቸው ነገር አለ፤ መጽሐፍ፣ ቤተ ሙከራ፣ ሳይቀር የሚያስተምር መምህር። ፈታሽ የሚያገኘው የተያዘውን ብቻ ነው። የጎደለውን አያገኝም።

ፍተሻ ሲጠብቅ ደግሞ ድንበሩ ይጠፋል። አንገት ላይ ያለው ሐብል ጌጥ ነው፤ ማተቡስ? በ2017 ዓ.ም በአክሱም የሆነው ከፈተና አዳራሽ ፍተሻ ጋር አንድ አይደለም፣ ግን እዚያው በር ላይ ያደርሳል። ሒጃብ ለብሳችሁ አትገቡም የተባሉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታ ተስተጓጎሉ፤ ለብሔራዊ ፈተና መመዝገቢያው ጊዜም አለፈባቸው። ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ ክልከላው ታገደ። አጤሬራ ሊሸሽግ ይችላል በሚል ሰበብ እንኳ አልነበረም። ልጆቹ ያመጡት ዕቃ ሳይሆን ራሳቸው ተመለሱ።

የዕቃው ዝርዝር ራሱ ግን ቋሚ አይደለም። በመጋቢት 2013፣ በኮቪድ ዘመን፣ ፊቱን ሸፍኖ መግባት ግዴታ ነበር። ለዚያ ፈተና ታብሌት ለተማሪዎች ለማከፋፈል ታቅዶ ነበር፤ ሳይደርስ ቀርቶ በወረቀት ተሰጠ። ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ ከተፈታኞች ከፊሉ በኦንላይን እየተፈተኑ ነው፤ በ2009 አገሪቱ በሙሉ የተነፈገችው ኢንተርኔት አሁን የፈተናው ወረቀት ሆኗል። መብራት ቢጠፋ፣ ኔትወርክ ቢቆራረጥ የሚጨነቀው እናት ሳትሆን ቴክኒሻን ነው። ለዚህ ተማሪ የሚቀረጽ እርሳስም የለም። ስልኩ ግን አሁንም ቤት ይቀራል።