የተሸጡት ልጆች ታሪክና የእኛ መድረሳ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይላል ያገራችን ሰው። ይህ አባባል ዘወትር የሚነገረው ስለ አዋቂዎች ነው። ነገር ግን ከማንም ይበልጥ የሚመለከተው ሕፃናትን ነው። አዋቂ ሰው ሲወጋ ይከሳል፣ ለጎረቤቱ ያወራል፣ አልቅሶም ይወጣለታል። ሕፃን ግን የደረሰበትን የሚናገርበት ቃል የለውም። ቃል ሲያጣ በእንቅልፉ ይጮኻል፣ ትምህርት ላይ ይፈዛል፣ አለበለዚያም ጓደኛውን ይመታል። እኛ አስተማሪዎች ይህን ስናይ ባለጌ ወይም ሰነፍ እንለዋለን። ስለዚህ ጉዳይ ዛሬ ከታሪክ ተነስተን እንድንወያይ ፈልጌአለሁ።

ሁላችንም ከምናውቀው ሲራ እንጀምር። ዘይድ ኢብን ሓሪሳ (ረ.ዐ) ገና ልጅ ሳለ ከእናቱ ጋር ዘመድ ጥየቃ በሄደበት ወራሪዎች ማርከው ወሰዱት። በዑካዝ ገበያም ተሸጠ። ከዚያ ወደ ኸዲጃ (ረ.ዐ) ቤት ገባ፤ እርሳቸውም ለነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰጧቸው። አባቱ ሲያፈላልግ ቆይቶ ልጁ ያለበትን ሰማና ቤዛ ይዞ መካ መጣ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን ቤዛ አልጠየቁም፤ ነገሩን ለራሱ ለዘይድ ተዉት። ዘይድም እርሳቸው ዘንድ መቅረትን መረጠ።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ቆም ብለህ አስብ። ያ ልጅ ሲማረክ የጠየቀው አልነበረም፤ ሲሸጥም እንዲሁ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከእጁ የተነጠቀውን ነገር፣ ማለትም ምርጫን፣ መለሱለት። እርሳቸውም ሳይወለዱ አባታቸውን፣ በስድስት ዓመታቸው እናታቸውን፣ በስምንት ዓመታቸው አያታቸውን ያጡ የቲም ነበሩና የልጅን ስብራት ያውቁታል። ከዘይድ ልብ የገባው በዚያ ቤት ያገኘው እዝነት ነው። ያ የተሸጠ ልጅ በኋላ የጦር አዛዥ ሆነ፤ ከሶሓቦችም መካከል ስሙ በቁርኣን የተጠቀሰ እርሱ ብቻ ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በ19ኛው መቶ ዘመን የምዕራብና የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ልጆች እየታፈኑ ወደ ቀይ ባሕር ወደቦች ይነዱ ነበር። ከነጋዴዎቹም ከገዢዎቹም ውስጥ ክርስቲያኖች ነበሩ፣ ሙስሊሞችም ነበሩ። ይህን መደበቅ አይገባንም። ባሪያን ነፃ ማውጣት ታላቅ ዒባዳ በሆነበት ዲን፣ ነፃ ሰው ሸጦ ገንዘቡን መብላትም ከከባድ ወንጀሎች በሚቆጠርበት ዲን ስም የሚጠሩ ሰዎች ሕፃን ሰርቀው መሸጣቸው የሚያሳፍር ነው።

ከእነዚያ ልጆች አንዱ ሂካ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1856 ገደማ በኢሉባቦር፣ ሁሩሙ አካባቢ ተወለደ። በአራት ዓመቱ አባቱ ሞተ። በ1869 የባሪያ ነጋዴዎች አፈኑት፤ ከእጅ ወደ እጅም ተሸጠ። በ1870 ምጽዋ ላይ ቬርነር ሙንዚንገር የተባለ ስዊዛዊ ነፃ አውጥቶ ለስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ሰጠው። በዚያም አደገ፣ ተማረ፣ ሃይማኖቱንም ተቀበለ። ታሪክ የሚያውቀው ኦኔሲሞስ ነሲብ በሚለው ስሙ ነው።

ሁለተኛዋ አስቴር ጋኖ ናት። ነፃ ሆና ተወልዳ በኋላ የሊሙ እናርያ ንጉሥ ባሪያ አደረጋት። ወደ ዐረቢያ ልትሸጥ በጀልባ ስትወሰድ እ.ኤ.አ. በ1886 የጣሊያን መርከቦች ጀልባውን ያዙና ነፃ ወጣች፤ ምጽዋ አጠገብ ባለው የእምኩሉ ትምህርት ቤትም ገባች።

የሚሲዮኑ ዓላማ ሃይማኖቱን ማስፋፋት እንደነበር እናውቃለን። በእምነት ጉዳይ መንገዳችን የተለያየ ነው። ቢሆንም ጥበብን ከተገኘችበት መውሰድ የዑለሞቻችን ልማድ ነውና ትምህርቱን አንለፈው። አስቴር በልጅነቷ የሰማቻቸውን የኦሮሞ ተረቶች፣ እንቆቅልሾች፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችና ዘፈኖች አልረሳችም ነበር። የሰበሰበቻቸው 500 ያህል ደረሱ። እ.ኤ.አ. በ1894 ከኦኔሲሞስ ጋር ያዘጋጁት የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ታተመ። ልብ በሉ! ከቤቷ ሲነጥቋት ልጅቷ ይዛው የወጣችው ንብረት ቋንቋዋ ብቻ ነበር። ትምህርት ቤቱ ያንን ንብረት እርሺው አላላትም፤ ብዕር ሰጥቶ ጻፊው አላት። የእናቷ ቤት ድምፅ የፊደል መማሪያ ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ1904 ኦኔሲሞስና አስቴር ከጓደኞቻቸው ጋር ወደ ወለጋ ተመልሰው በዚችው በነቀምቴ ማስተማር ጀመሩ። ኦኔሲሞስ በ1931 እዚሁ ሞተ። የተሸጡት ልጆች የሌሎች ልጆች አስተማሪዎች ሆኑ ማለት ነው።

ሌላም ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ1888 የእንግሊዝ የጦር መርከብ በቀይ ባሕር ላይ የባሪያ ጀልባዎችን ያዘ። ከተረፉት ውስጥ 64 የኦሮሞ ልጆች በዐደን በኩል አልፈው በ1890 ደቡብ አፍሪካ፣ ላቭዴል ወደሚባል ትምህርት ቤት ተወሰዱ። የእያንዳንዱ ልጅ ታሪክ ተጠይቆ ተጻፈ፤ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደወሰደው፣ በየት እንዳለፈ። አድገው ከቆዩ በኋላም ወደ አገር መመለስ ትፈልጋላችሁ ወይ ተብለው ተጠየቁ። 17ቱ በ1909 ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ። ከቀሩት አንዷ ቢሾ ጃርሳ አስተማሪ ሆነች። የልጅ ልጇ ኔቪል አሌክሳንደር በሮበን ደሴት ከማንዴላ ጋር የታሰረው ምሁር ነው።

ውድ አንባቢ፣ «ይህ የጥንት ወሬ ነው፤ የባሪያ ንግድ ከቀረ ቆይቷል» ትል ይሆናል። ባርነት በሕግ የተሻረው እ.ኤ.አ. በ1942 ነው። የልጆች ስብራት ግን አልቀረም። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ከወሎና ከሌሎች ቦታዎች 600,000 ያህል ሰው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አገራችን ሲሰፍር ወለጋ ከተቀባዮቹ አንዷ ነበረች። በ2011 ዓ.ም. መግቢያ ከካማሺ ዞን የተፈናቀሉ ብዙ ሺህ ቤተሰቦች ወደ ምሥራቅና ምዕራብ ወለጋ ጎረፉ። ሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም. በጊምቢ ወረዳ፣ ቶሌ ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተገደሉ፤ ብዙዎቹ የእነዚያ የወሎ ሰፋሪዎች ቤተሰቦች ነበሩ። ኦሮሞው አልቅሷል፣ አማራውም አልቅሷል። የአንዱ ልጅ እንባ ከሌላው አይበልጥም፣ አያንስምም።

አሁን የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። ከማስተምራቸው ልጆች መካከል ከገጠር ተፈናቅሎ የመጣ አንድ ልጅ ነበር። ሉሁን ይዞ ሁልጊዜ በሩ አጠገብ ይቀመጣል። ወደ ውስጥ ግባ ስለው ይገባል፤ ዞር ስል ተመልሶ በሩ ጋ ነው። ንቀት መሰለኝና ገረፍኩት። በማግሥቱ አያቱ መጡ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ኡስታዝ፣ ልጁን እዚያው በሩ ጋ ይተዉት። ያን ሌሊት ከቤት የወጣው በሩ አጠገብ ተኝቶ ስለነበር ነው። ውስጥ የተኙት አልወጡም» አሉኝ።

አለንጋዬን ያን ቀን አስቀመጥኩ። ለካ እኔ ስመታው የኖርኩት በሕይወት ያተረፈውን ነገር ነው!

በከባድ ድንጋጤ ያለፈ ልጅ አካሉ አደጋው ያለፈ አይመስለውም። ጆሮው ኮቴ ያዳምጣል፣ ዓይኑ በር ይጠብቃል። በዚህ ሁኔታ ያለ አእምሮ ሒፍዝ ቢይዝ እንኳ ቶሎ ይጠፋበታል። ዱላ ሲጨመርበት «አደጋው እዚህም አለ» ብሎ ያምናል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ከሕገ መንግሥቱም በፊት፣ ነብዩን (ሰ.ዐ.ወ) ከልጅነቱ ጀምሮ አሥር ዓመት ያገለገለው አነስ (ረ.ዐ) አንድ ቀን እንኳ እንዳልተቆጡት መስክሯል።

ታዲያ ምን እናድርግ? ከላይ ያየነው ታሪክ መንገዱን ያሳየናል። አንደኛ፣ እንደ ዘይድ ለልጁ ምርጫ እንስጠው፤ የት እንደሚቀመጥ፣ ከማን ጋር እንደሚቀራ ራሱ ይምረጥ። ሁለተኛ፣ እንደ አስቴር በእናቱ ቋንቋ እንቀበለው፤ ኦሮምኛም ይሁን አማርኛ አንሳቅበት። ሦስተኛ፣ የደረሰበትን ተናገር ብለን አናስገድደው፤ ሊናገር ሲፈልግ ግን ሥራችንን አቁመን እንስማው። አራተኛ፣ ሰዓቱ፣ ቦታውና አስተማሪው አይለዋወጥ፤ ነገ ምን እንደሚመጣ የሚያውቅ ልጅ ቀስ በቀስ ይረጋጋል። አምስተኛ፣ ትንሽ ኃላፊነት እንስጠው፤ የታናናሾቹን ሉህ ይሰብስብ፣ አሊፍ ባ ያስቀራቸው። ስድስተኛ፣ እንቅልፍና ምግብ የከለከለው፣ ራሱን የሚጎዳ ልጅ ካለ ዱዓችንን ሳናቋርጥ ወደ ሐኪም እንውሰደው። ሰበብ ማድረስ ከተወኩል አያወጣም።

ወላጆችም ድርሻ አላችሁ። ልጃችሁ ከተፈናቃይ ልጅ አጠገብ ሲቀመጥ ደስ ይበላችሁ፤ ቤታችሁም ይጋብዘው። ለመድረሳው አስተማሪም «ሥጋው የአንተ፣ አጥንቱ የእኔ» አትበሉት። ሥጋውም አጥንቱም አላህ (ሱ.ወ) የሰጣችሁ አማና ነው።

ያ ልጅ ዛሬም በሩ አጠገብ ይቀመጣል፤ እኔም ወንበሬን ወደዚያው አዛውሬአለሁ። ባለፈው ረመዷን ጁዝእ ዐማን ጨርሶ ከሱረቱ ዱሓ ጀምሮ እስከ ናስ ድረስ አሰማኝ። ስለ የቲሙ የምትናገረው አንቀጽ ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝ። እኔ ግን ላየው አልቻልኩም፤ አንገቴን ደፋሁ።

አላህ (ሱ.ወ) ጥፋታችንን ይማረን፤ የልጆቻችንንም ልብ ይጠግንልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።