የባሌስትራ ቋንቋ

የጣሊያኑ ፊያት ኩባንያ 682 የተባለውን የጭነት መኪና ለገበያ ያቀረበው በ1952 እ.ኤ.አ. ነበር። ይህ መኪና ተሳቢውን አስከትሎ፣ የ1998 እ.ኤ.አ. ጦርነት መስመሩን እስኪያቋርጠው ድረስ፣ ከአሰብ ወደብ ወደ መሀል አገር ጭነት አመላልሷል።

ከአፋር ቆላ በባቲ በኩል ወደ ኮምቦልቻ የሚወጣው ዳገት የመኪናውን አጥንት፣ ሻንሲውን፣ የሚፈትን ነው። በዚያ ዘመን የጭነት መኪና ሻንሲ አብዛኛውን ጊዜ በሪቬት የተያያዘ ነበር። በሪቬቱ ራስ ዙሪያ ቀይ የዝገት ዱቄት ከታየ፣ መጋጠሚያው ላልቶ ብረት ከብረት እየተፋተገ ነው። ስንጥቅም ባሌስትራው ከሻንሲው ጋር በሚያያዝበት አካባቢ መፈለግ አለበት። ቀለም ይህን ሁሉ ስለሚሸፍን፣ አዲስ የተቀባ አሮጌ መኪና ይበልጥ ያጠራጥራል።

የፊት እግሩ ምርመራ ደግሞ ሁለት ሰው ይጠይቃል። ጎማው በክሪክ ከመሬት ተነሥቶ፣ ከላይና ከታች ተይዞ ይነቀነቃል። ልቅነት ካሳየ ረዳቱ ፍሬን ይረግጣል። ልቅነቱ በዚያው ከጠፋ ጥፋቱ የኩሽኔታው ነው፤ ከቀጠለ ግን ጎማው ወደ ግራና ቀኝ የሚታጠፍበት ፔርኖ ተበልቷል። እንዲህ ያለ መኪና ሙሉ ጭነት ይዞ ቁልቁለት ሲወርድ መሪው በቀላሉ አይታዘዝም፤ በገደል አፋፍ ላይ ለሾፌሩም ለረዳቱም የሞት ሽረት ጉዳይ ነው።

ቃላቱ ራሳቸው ታሪክ አላቸው። «ባሌስትራ» በጣሊያንኛ ቃታ ያለው የጥንት ቀስትም ነው፤ «ኩሽኔታ» የተወሰደበት ቃል ደግሞ ትንሽ ትራስ ማለት ነው። የጥገና መመሪያ ከእንግሊዝኛ ስመልስ እነዚሁኑ እጽፋለሁ፤ ሌላ ቃል ብፈጥር መካኒኩ መልሶ እኔን ይጠይቀኛል።