ጎበዞቹን ካልኩለስ ለምን ጣላቸው?

በ1970ዎቹ አጋማሽ (ሌላ ካልተባለ በቀር እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ካምፓስ የሒሳብ ትምህርት ክፍል አንገት የሚያስደፋ ቁጥር ነበረው። የመጀመሪያውን የካልኩለስ ኮርስ ወስደው ከጨረሱት ጥቁር ተማሪዎች 60 በመቶው የሚያገኙት ውጤት “ዲ” ወይም “ኤፍ” ነበር። ካልኩለስ ደግሞ እንደ ሌላው ኮርስ አይደለም። ምህንድስና፣ ፊዚክስ፣ ሕክምና የሚያስብ ሁሉ በዚያ ማለፍ አለበት።

ትምህርት ክፍሉ ጉዳዩን ችላ ብሎት ነበር ማለት አይቻልም። ስመ ጥሩ የስታቲስቲክስ ሊቅ ዬርዚ ኔይማንና የሎጂክ ተመራማሪው ሊዮን ሄንኪን ከ1960ዎቹ ጀምሮ ከድሃ ሰፈር ትምህርት ቤቶች የሚመጡ ወጣቶች በርክሌይ እንዲገቡ ሲደክሙ ቆይተዋል። ልጆቹም ገቡ። ግን ብዙዎቹ ብዙም ሳይቆዩ ይወጡ ነበር።

በዚያን ጊዜ ዩሪ ትሪስማን የሚባል የዶክትሬት ተማሪ የሒሳብ ረዳት መምህራንን በማሠልጠን ሥራ ላይ ተሰማርቶ ነበር። ረዳት መምህራኑን ምን ብሎ ያሠልጥን? የሚወድቁት ለምን እንደሚወድቁ ሳይታወቅ የማስተማር ዘዴ መደርደር ትርጉም አልሰጠውም። ስለዚህ መጠይቅ አዘጋጅቶ ለበርካታ መምህራን ላከና አንድ ጥያቄ ጠየቃቸው፤ እነዚህ ልጆች ለምን ይወድቃሉ?

መምህራኑ የተመካከሩ ይመስል መልሳቸው ወደ አራት ተጠቃለለ። ፍላጎት የላቸውም፤ ከታች ይዘውት የመጡት መሠረት ደካማ ነው፤ ቤተሰቦቻቸው ለትምህርት ቦታ አይሰጡም፤ ድህነት ተጭኗቸዋል። የውጤት ማጽደቂያ ስብሰባ ላይ ተቀምጦ የሚያውቅ የአገራችን መምህርም እነዚህን አራት ምክንያቶች በአማርኛ ሰምቷቸዋል፤ ምናልባትም ራሱ ተናግሯቸዋል። አራቱም የሚያመለክቱት ወደ ተማሪው ነው። ከመምህሩ ክፍልና ከኮርሱ አደረጃጀት አጠገብ የሚደርስ አንድም የለም።

ትሪስማን አራቱንም አንድ በአንድ ሲፈትሻቸው አልቆሙለትም። ፍላጎት የላቸውም የተባሉት ልጆች ከየትምህርት ቤታቸው አንደኛ ወጥተው የመጡ፣ የሰፈርና የቤተ ክርስቲያን ኩራት የነበሩ ናቸው። ወላጆቻቸው ልጆቻቸው በርክሌይ እንዲደርሱ ያልከፈሉት መሥዋዕትነት አልነበረም። በመግቢያ ፈተናው የሒሳብ ክፍል ከፍተኛ ነጥብ ያስመዘገቡ ልጆችም ከወዳቂዎቹ መካከል ተገኙ። የቤተሰብ ገቢም ማን እንደሚያልፍና ማን እንደሚወድቅ አልለየለትም።

መጠይቁ እዚህ ላይ አበቃ፤ ትሪስማን ካሜራ ይዞ ወደ ተማሪዎቹ መኖሪያ ሄደ። ሃያ ጥቁር ተማሪዎችንና በካልኩለስ ጎበዝ በመባል የሚታወቁ ሃያ ቻይናውያን አሜሪካውያንን መረጠ። ዶርማቸው ውስጥ፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ ወጥ ቤታቸው ውስጥ ሳይቀር አብሯቸው እየዋለ ሲያጠኑ ቀረጻቸው። ሥራው ከአንድ ዓመት በላይ ወሰደ። 

ያየው ነገር ማንም ያልጠበቀው ነበር። ጥቁሮቹ ተማሪዎች ሰነፎች አልነበሩም። ለአንድ ሰዓት ትምህርት ሁለት ሰዓት አጥኑ ተብለዋል፤ ያንኑ በታማኝነት ፈጽመው በሳምንት ስምንት ሰዓት ያህል ያጠናሉ። የቤት ሥራቸውን በሰዓቱ ያስረክባሉ፤ ከክፍል አይቀሩም። ግን ብቻቸውን ነበሩ። ከሃያዎቹ አሥራ ስምንቱ ከክፍል ጓደኛ ጋር አብረው አጥንተው አያውቁም። ጓደኝነት ለብቻው፣ ትምህርት ለብቻው ነበር። ይህ ልማድ ደግሞ ከየትም አልመጣም፤ ሁለተኛ ደረጃ ሳሉ ከአካባቢያቸው ጫጫታ ነጥሎ እዚህ ያደረሳቸው እሱው ነው። ያሳደጋቸው ጠባይ በርክሌይ ላይ ዞሮ ጣላቸው።

ቻይናውያኑም መጀመሪያ ስምንት ወይም አሥር ሰዓት ለየብቻቸው ይሠራሉ። ከዚያ በኋላ ግን ማታ ማታ ይሰበሰባሉ። አብረው ይበላሉ፤ አንዱ የሌላውን መልስ ያርማል፤ የድሮ ፈተና ያወጣሉ፤ ኮርሱን ቀድሞ የወሰደ ታላቅ ወንድም ወይም የአጎት ልጅ መጥቶ ይጠይቃቸዋል። በሳምንት አሥራ አራት ሰዓት ያህል ይሞላል። ከሰዓቱ ብዛት ይልቅ ግን እዚያ የሚያገኙት መረጃ ይበልጣል። አንድ ጥያቄ ሁሉንም ካቃታቸው ጥያቄው ከባድ እንደሆነ ይገባቸዋል። ብቻውን የተቀመጠው ልጅ ግን ያው ጥያቄ ሲያቅተው ጉድለቱ የራሱ ይመስለዋል፤ ለማንም አይናገርም።

ዩኒቨርሲቲው የማጠናከሪያ ትምህርትና የምክር አገልግሎት አልጎደለውም ነበር። ልጆቹ ግን አልቀረቡትም። ከትምህርት ቤቱ አንደኛ ወጥቶ የመጣ ልጅ “ደካማ ተማሪዎች እዚህ ይመዝገቡ” በሚል በር እንዴት ይገባል?

በ1978 የተጀመረው የትሪስማን የሒሳብ ወርክሾፕ የልጆቹን ክብር ሳይነካ ተነሣ። ልጆቹ የተጠሩት የላቀ ውጤት ለሚሹ ተማሪዎች ወደተዘጋጀ መርሐ ግብር ነው ተብሎ ነበር፤ የተባለውም እውነት ነበር። ከመደበኛው ክፍል በተጨማሪ በየሳምንቱ ለሰዓታት በትንንሽ ቡድን ይቀመጣሉ። የሚቀርብላቸው የሥራ ወረቀት ለአንድ ሰው ብቻውን የማይቀመስ፣ አብሮ ካልተከራከሩበት የማይፈታ ነው። መምህሩ ሰሌዳ ላይ አይሠራላቸውም፤ በመካከላቸው እየተዘዋወረ ይሰማል፤ ሲያስፈልግ ጥያቄ ይወረውራል። ለዚህ ሥራ የሚመደብ ረዳት መምህር ትልቁ ፈተናው መልሱን ሳይናገር መቆየት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ውጤቱ ትሪስማን በ1985 ባቀረበው የዶክትሬት ጥናትና በ1992 ባሳተመው ጽሑፍ ተመዝግቧል። ወርክሾፑን ከተከታተሉት መካከል የሚወድቀው እጅግ ጥቂት ሆነ። መካከለኛ የመግቢያ ነጥብ የነበራቸው ጥቁር ተማሪዎች እጅግ ከፍ ያለ ነጥብ ይዘው ከገቡ ነጮችና እስያውያን ጋር ተስተካከሉ። በ1992 ትሪስማን የማካርተር ሽልማት አገኘ፤ ወርክሾፑም በተለያየ ስም በበርካታ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ተስፋፋ።

ሲስፋፋ ግን ብዙ ቦታ የተወሰደው “ተማሪዎችን በቡድን አስቀምጡ” የሚለው ብቻ ነው። ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻንም። በአገራችን ከ1990ዎቹ አጋማሽ (ይህ ብቻ በእኛ አቆጣጠር) ጀምሮ ለመምህራን አሠልጣኞች፣ ቆይቶም ለዩኒቨርሲቲ መምህራን የተሰጠው የከፍተኛ ዲፕሎማ መርሐ ግብር (ኤችዲፒ) ሥልጠና አሳታፊ ትምህርትን፣ ተከታታይ ምዘናን፣ መምህሩ የራሱን ክፍል የሚመረምርበትን ጥናት አካቷል። ሐሳቡ ከትሪስማን ሥራ የራቀ አልነበረም። ወደ ካምፓስ የገባው የአንድ ለአምስት አደረጃጀት ግን ቡድኑን በስም ዝርዝር መደበ፤ ጎበዙ ደካማውን እንዲጎትትም አዘዘ። ይህ የትሪስማን ሐሳብ ተቃራኒ ነው። የእሱ ቡድን ውስጥ ረጂና ተረጂ አልነበረም፤ ሁሉንም እኩል የሚያስቸግር ጥያቄ ነበር። ጥያቄው ቀላል ከሆነ ቡድኑ ከጎበዙ ልጅ ለመገልበጥ ካልሆነ በቀር ለምንም አይጠቅምም።

ከበርክሌይ ማዶ፣ ሃርቫርድ ውስጥ፣ ሌላ መምህር ወደዚያው ጉዳይ በሌላ መንገድ ደረሰ። የፊዚክስ ፕሮፌሰሩ ኤሪክ ማዙር በ1990 ተማሪዎቹን በዕለት ተዕለት ቋንቋ በተጻፈ የኃይል ፈተና ፈተናቸው። ከባድ ጭነት መኪናና ትንሽ መኪና ሲጋጩ የትኛው በሌላው ላይ የበለጠ ኃይል ያሳርፋል? ኃይሉ እኩል ነው፤ የኒውተን ሦስተኛ ሕግ ይህን ይላል፤ ሕጉንም ሁሉም በቃላቸው ያውቁታል። ፈተናው ላይ ግን ብዙዎቹ ተሳሳቱ። አንድ ተማሪ እንዲያውም እንዳስተማሩን ልመልስ ወይስ እኔ እንደማስበው ብሎ ጠየቀው። ማዙር ሰሌዳ ላይ ደጋግሞ ቢያስረዳም አልሆነም። በመጨረሻ እርስ በርሳችሁ ተነጋገሩ አላቸው። ክፍሉ በጫጫታ ተሞላ፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ብዙዎቹ መልሱ ላይ ደረሱ። ከዚህ የተነሣ የማስተማር ዘዴውን በ1997 በመጽሐፍ አወጣው። በ2006 እሱና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት ደግሞ በሴቶችና በወንዶች መካከል የነበረው የፊዚክስ ውጤት ልዩነት በዚህ አካሄድ መጥበቡን አሳዩ።

በ2014 ስኮት ፍሪማንና ባልደረቦቹ 225 ጥናቶችን አጠናቅረው በንግግር ብቻ በሚሰጥ ኮርስ 34 በመቶ፣ በአሳታፊ ኮርስ 22 በመቶ ያህል ተማሪ እንደሚወድቅ አገኙ። በ2020 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በአነስተኛ ቁጥር የሚወከሉ ተማሪዎች ከሌሎቹ ጋር ያላቸው ልዩነት የሚጠበው አብዛኛው የክፍል ጊዜ ለአሳታፊ ሥራ ሲውል እንደሆነ አመለከተ። ግማሽ ሰዓት ንግግር፣ አምስት ደቂቃ “ተወያዩ” ማለት አይበቃም።

እንግዲህ መምህራን ለምን አይለወጡም? አንዱ ምክንያት በ2019 ከሃርቫርድ የፊዚክስ ክፍል ተገኝቷል። አንድ ዓይነት ይዘት ከተማሩ ሁለት ቡድኖች በአሳታፊ ዘዴ የተማሩት በፈተና በለጡ፤ ሲጠየቁ ግን ትንሽ የተማርን ይመስለናል አሉ። ንግግር የሰሙት ብዙ እንደተማሩ ተሰማቸው። ስለዚህ ዘዴውን የቀየረ መምህር በተማሪዎቹ የሴሚስተር ግምገማ ዝቅ ያለ ነጥብ ሊያገኝ ይችላል፤ የደረጃ ዕድገቱ በዚያ ግምገማ የሚታይ ከሆነ ዋጋውን የሚከፍለው እሱ ብቻ ነው። አጥኚዎቹ መምህራን ይህንን ክስተት በሴሚስተሩ መጀመሪያ ለተማሪዎቻቸው በግልጽ እንዲነግሯቸው መከሩ፤ ግምገማውን የሚያነብ የትምህርት ክፍል ኃላፊም ቢሰማው አይከፋም።