የጓሮው መንገድ ባለቤት ማነው?

ከነቀምቴ ወደ በደሌ በሚወስደው ጎዳና ላይ በምትገኘው አርጆ፣ ቤቶች በመንገዱ ዳር ሲደረደሩ ከኋላ ያለው ቦታ መውጫ ያጣል። ታዲያ ጎረቤት በጓሮ አላሳልፍም ቢል ሕጉ ምን ይላል?

ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ መልስ ነበረው፦ መውጫ ያጣ ባለርስት፣ ተመጣጣኝ ካሳ ከፍሎ፣ በጎረቤቱ መሬት መተላለፊያ ሊጠይቅ ይችላል። በቁጥር 1359 የተደነገገው «የንብረት አገልግሎት» ደግሞ ግዴታውን ያሳረፈው በመሬቱ ላይ ነው፤ ስለዚህ ባለቤቱ ቢለወጥም መንገዱ አይዘጋም። ልብ በሉ፣ ሕጉ የሚያነጋግረው ባለቤትን ነው። ጭሰኛው የሚመላለሰው በጌታው ፈቃድ ነበር።

በ1967 ዓ.ም. ባለቤቱ ራሱ ቀረ። አዋጅ ቁጥር 31 የገጠሩን መሬት የሕዝብ የጋራ ሀብት፣ ቁጥር 47 የከተማውን የመንግሥት ንብረት አደረገ። የፍትሐ ብሔሩ ሕግ ግን አልተሻረም። እንግዲህ ካሳው ለማን ይከፈል? አፈሩ የመንግሥትና የሕዝብ ነው ተብሎ ባለይዞታው ባዶ እጁን ይቅር? በእኔ እምነት መልሱ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 7 ውስጥ አለ፦ ሰው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬቱ ላይ ያፈራው የራሱ ነው። ለመንገድ የሚቆረጠው ቡና፣ የሚነሳው አጥር የባለይዞታው ነውና ካሳውም የእርሱ ነው።

በወለጋ እንዲህ ያለውን ጠብ ብዙ ጊዜ የሚያበርዱት የጃርሱማ ሽማግሌዎች ናቸው። ዳኝነታቸው ይከበራል፤ ነገር ግን በጽሑፍ ካልሰፈረ፣ ቤቱን የገዛው ወይም የወረሰው ሰው አጥሩን መልሶ ሊያጥር ይችላል።