ወንጂ፦ ስኳሩን የላስነው፣ ታሪኩን የረሳነው



እዚህ አያሃ ጥርሴን ያየ ሰው ሁሉ "ጫት ነው ወይስ ሲጋራ?" ይለኛል። ሁለቱም አይደለም። የአዳማ ልጅ ነኝ። የስምጥ ሸለቆ ልጅ በጥርሱ ይታወቃል፤ ጥፋቱም የማንም ሳይሆን የምድሩ ነው። ነገር ግን ከአዳማ በስተደቡብ፣ በ10 ኪሎ ሜትር ርቀት ገደማ፣ ይኸው ውሃ ከጥርስ አልፎ የሰው አጥንት የበላበት ቦታ አለ። ወንጂ ይባላል። ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ወንጂ ነው። ረዘም ይላልና ሻይ ይዛችሁ አንብቡት። (ዘመኑ በእኛ አቆጣጠር ነው።)

ወንጂ ከፋብሪካው በፊት ባዶ ሜዳ አልነበረም። በአዋሽ ዳር ያለው ያ ለጥ ያለ መሬት የጂሌ ኦሮሞ ከብት አርቢዎች የግጦሽ ቦታ ነበር። በበጋ ሌላው ሁሉ ሲደርቅ ከብቱ የሚወርደው ወደዚያ ነው። ይህን መጀመሪያ የምናገረው፣ የወንጂ ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ ከፋብሪካው ስለሚጀምር ነው። እኛ ስደተኞች ደግሞ "ሰው አልነበረበትም" የሚል ወሬ ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን።

ኤች ቪ ኤ የሚባል የሆላንድ ኩባንያ ነበር። ሀብቱ ያለው በኢንዶኔዥያ የሸንኮራ አገዳና የሌላም ተክል እርሻ ላይ ነበር። ኢንዶኔዥያ ከሆላንድ ቅኝ አገዛዝ ስትላቀቅ ኩባንያው ሌላ መሬት መፈለግ ጀመረ። በ1943 ዓ.ም ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጋር ተዋዋለና በወንጂ 5,000 ሄክታር መሬት ተሰጠው። ፋብሪካው በመጋቢት 1946 ዓ.ም ሥራ ጀመረ፤ አቅሙም በቀን 1,400 ኩንታል ስኳር ነበር። ስምንት ዓመት ያህል ቆይቶ እዚያው አጠገብ ሁለተኛው፣ የሸዋ ስኳር ፋብሪካ፣ ተጨመረ። በመሀሉ ደግሞ ከወንጂ በላይ አዋሽ ተገደበ፤ ከጣልያን በተገኘ የጦር ካሳ የተሠራው የቆቃ ግድብ ነው። የጂሌ ሰዎች ከታች አገዳ፣ ከላይ ሐይቅ ወሰደባቸው።

ስኳሩ አገሩን ለወጠ፤ ይህንንም መካድ አይቻልም። ቀድሞ ከውጭ ይገባ የነበረው ስኳር የቤታችን ሆነ። የደስታ ከረሜላን ጣዕም የማያስታውስ የኔ ትውልድ ሰው ካለ እጁን ያውጣ! እሷም የወንጂ ልጅ ናት።

ስኳሩን ማን ሠራው? አብዛኛው ሠራተኛ ከደቡብ፣ ከከምባታና ከሐድያ የመጣ ነው። መሬት የጠበበበት ወጣት ለአንድ የአጨዳ ወቅት ብሎ ይመጣል። አንዳንዱ ይመለሳል፤ ብዙው ሚስት አምጥቶ፣ ልጅ ወልዶ፣ እዚያው ይቀራል። አገዳው ከመታጨዱ በፊት ቅጠሉ በእሳት ይለበለባል። ሠራተኛው ጥቀርሻው ላይ በገጀራ ሲቆርጥ ይውላል፤ ማታ ዓይኑና ጥርሱ ብቻ ይታያል። መኖሪያው በአገዳው መሀል የተሰደሩ መንደሮች ናቸው። የኃላፊዎቹ ግቢ ዛፍና አበባ ያለበት፣ የሠራተኛው መንደር ደግሞ ቤቱ በረድፍ የተደረደረበት ነበር።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሕጉ የሠራተኛ ማኅበር የሚባል ነገር አያውቅም ነበር። ሠራተኛው ግን እድር ያውቃል። ሬሳ ለመቅበር፣ የታመመ ለመጠየቅ የተሰባሰበው ሰው ስለ ደመወዝና ስለ ሥራ ሰዓትም መነጋገሩ አልቀረም። ሥራ ማቆም መጣ፤ እስርም መጣ። በሚያዝያ 1955 ዓ.ም የአገሪቱ ሠራተኞች ማኅበራት በአንድ ኮንፌዴሬሽን ሲሰባሰቡ፣ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነው የተመረጡት ከወንጂ የወጡት አብርሃም መኮንን ነበሩ። ዛሬ በኢትዮጵያ ውስጥ የሠራተኛ መብት ብሎ የሚከራከር ሁሉ፣ አወቀውም አላወቀውም፣ ለአገዳ ቆራጮቹ ዕዳ አለበት።

አሁን ወደ ውሃው ልምጣ። የአዋሽ ውሃ ድፍርስ ነው፤ በሽታም አለበት። ስለዚህ ለመጠጥ ጉድጓድ ተቆፈረ። የወጣው ውሃ ጥርት ያለ ነበር። ችግሩ ዓይን የማያየው ነው። በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ውሃው ከእሳተ ገሞራ በተፈጠረ ድንጋይ ውስጥ ሲያልፍ ፍሎራይድ ይሟሟበታል። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ የወንጂ ጉድጓዶች ግን ከዚህ ብዙ እጥፍ ነበራቸው። ሕፃን ልጅ ይህን ውሃ ሲጠጣ ጥርሱ ገና ከድዱ ሳይወጣ ይበልዛል። አዋቂው ደግሞ ዓመት በዓመት ፍሎራይዱ በአጥንቱ ይጠራቀማል። ከ10 ዓመት በላይ ሲጠጣ የኖረ ሠራተኛ መጀመሪያ ወገቡን ያመዋል፤ ቀጥሎ አንገቱ አልዞር ይላል፤ ጀርባው ይጎብጣል። በባሰበት ሰው ላይ ያበጠው የአከርካሪ አጥንት ነርቭ ይጫንና እግር ሽባ ይሆናል። እስቲ አስቡት፦ ያ በገጀራ ሜዳ ሲያራቁት የነበረ ጎልማሳ በከዘራ መሄድ ሲያቅተው።

ሐኪሞች ጉዳዩን አጥንተው ለዓለም አሳውቀዋል፤ ከእነሱም ዶክተር ረዳ ተክለሃይማኖት አንዱ ናቸው። በኋላ በመንደሮቹ ፍሎራይድ የሚቀንሱ ማጣሪያዎች ተተከሉ። ግን አንድ ጊዜ የጎበጠ አጥንት አይቃናም። ደግሞ ይህን ልብ በሉ፦ ውሃ ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ፍሎራይድ አያወጣም። እንዲያውም ውሃው ሲተን የቀረው ይበልጥ ይጠነክራል። አገር ቤት፣ በስምጥ ሸለቆ ልጅ የምታሳድጉ እህቶቼ፣ የጉድጓዱ ውሃ ተመርምሮ እንደሆነ ጠይቁ። መጠየቅ መብታችሁ ነው።

በ1967 ዓ.ም ደርግ ፋብሪካዎቹን ወረሰ። የኩባንያው ሰዎች ሄዱ፤ ሠራተኛው፣ አገዳውና ውሃው እዚያው ቀሩ። ሁለቱ አሮጌ ፋብሪካዎች ሥራ አቁመዋል፤ በእነሱ ምትክ በዶዶታ በኩል በህንድ ብድር አዲስ ፋብሪካ ቆሟል።

ይህን ሁሉ ከአያሃ ሆኜ ለምን እጽፋለሁ? አያሃም ተፈናቃይ የሠፈረበት መንደር ስለሆነ ነው። እዚህ ጎረቤቶቻችን በ1980 ዓ.ም ሐርጌሳ በቦምብ ስትደበደብ ሸሽተው፣ ብዙዎቹ እኛ አገር ሐርቲሼክ መጠለያ የኖሩ ናቸው። አሮጊቶቹ ሐርቲሼክን ሲያወሩ ልጆቹ ቁጭ ብለው ይሰማሉ። ውሃ ከስንት ቀን አንዴ ይመጣ እንደነበር፣ ማን እንደሞተ፣ ማን እንደተወለደ ሁሉም ያውቃል። እነሱ ታሪካቸውን የያዙት በአፋቸው ነው። እኛ ግን ልጆቻችንን ከአገር ቤት ስማቸውንና ቋንቋቸውን ይዘን እናመጣቸዋለን፤ አያታቸው ምን ሠርቶ እጁ እንደሻከረ፣ ምን ጠጥቶ እንደጎበጠ አንነግራቸውም። ኩባንያ ታሪኩ በመዝገቡ ይቀመጥለታል። አገዳ ቆራጭ ግን መዝገቡ ልጁ ነው። ልጁ ዝም ካለ የለም ማለት ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከወንጂ፣ ከሸዋ፣ ከመተሐራ የወጣችሁ፣ ወይም እዚያ የሠራ አባት፣ አጎት፣ አያት ያላችሁ፣ ዛሬ ስልክ ደውሉ። መቼ እንደመጣ፣ ከማን ጋር እንደመጣ፣ የመጀመሪያ ደመወዙ ስንት እንደነበር፣ እድሩን ማን እንደመሠረተው ጠይቁት። ድምፁን ቅዱና አስቀምጡ። እሱ ፈቅዶ ካላችሁ ብቻ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፤ ስም ሳልጠራ ሰብስቤ እጽፈዋለሁ። ሽማግሌዎቹ እያለቁብን ነውና ነገ አትበሉ።

ለወንጂ ሰው አድርሱልኝ። ደኅና ሁኑ።