ኮልፌ ሳሉ ቤታቸውን ማን ያስተዳድር ነበር?

ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም ወደ አዲስ አበባ መጥተው፣ ኮልፌ በነበረው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ካምፕ ወታደራዊ ሥልጠና መውሰዳቸውን የማያውቅ የከተማችን ሰው ጥቂት ነው። እኔም ይህን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው አድጌአለሁ፤ ለሌላም ስተርከው ኖሬአለሁ። አንድ ቀን ግን ይህንኑ ለእናቴ ሳወጋት፣ እንደ ሌላው ሰው ስለ ጠመንጃው አልጠየቀችኝም። ቡናዋን እየቀዳች፣ «ልጆች ነበሩት?» አለችኝ።

«ከወይዘሮ ዊኒ የወለዷቸው ሁለት ሴቶች ልጆች ነበሯቸው። ትንሿ ገና ሁለት ዓመት አልሞላትም» አልኳት።

«ታዲያ እሱ እዚህ ተኩስ ሲማር እነሱን ማን ያበላቸው ነበር?»

«ሚስትየዋ ደመወዝ ነበራት። ሶሻል ወርከር ነበረች።»

እናቴ ቃሉን አልወደደችውም። እየተቸገርኩም ቢሆን፣ ድሃው ቤት ድረስ ሄዶ ችግሩን የሚጠይቅና መላ የሚፈልግ ባለሙያ ማለት እንደሆነ አስረዳኋት። «ጎረቤት ማለት ነዋ!» አለችኝ። ለዚያ ሥራ ትምህርት ቤት መኖሩ፣ ዲፕሎማም መሰጠቱ ገረማት። እኔን የገረመኝ ደግሞ ወይዘሮ ዊኒ የተማሩበትን ትምህርት ቤት ታሪክ ሳነብ ያገኘሁት ነው። ከአንዲት ጠባብ ግቢ ያን ያህል ሰው፣ ያን ያህል ልዩ ልዩ ዕጣ ይዞ ይወጣል ብዬ አልጠበቅሁም። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ስለ ማንዴላ አይደለም፤ ስለዚያ ትምህርት ቤትና ስለ ልጆቹ ነው። (ዓ.ም ካላልኩ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው፣ የሚገርም ቢሆንም፣ ከነጮች ድህነት ነው። በ1920ዎቹ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ድርቅና ዕዳ ከእርሻቸው የነቀላቸው ነጮች ወደ ከተማ ይጎርፉ ነበር። የአሜሪካው የካርኔጊ ድርጅት በሰጠው ገንዘብ ጥናት ተካሄደ። በ1932 በአምስት ቅጽ የወጣው ዘገባ ወደ 300,000 የሚጠጉ ነጮች በከፋ ድህነት እንደሚኖሩ ገመተ። በዚያው ሰሞን ሶሻል ወርክ በነጮቹ ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርት ሆኖ ተተከለ። በስቴለንቦሽ ዩኒቨርሲቲ የሶሲዮሎጂና የሶሻል ወርክ ፕሮፌሰር ሆኖ የተሾመው ወጣት ምሁር ሔንድሪክ ፈርቩርድ ይባላል። አዎን፣ አንባቢ እንደጠረጠረው፣ ኋላ የአፓርታይድ ዋና መሐንዲስ የተባለው ጠቅላይ ሚኒስትር ራሱ ነው። በ1934 ኪምበርሊ ላይ በተደረገው የነጭ ድሆች ጉባኤ፣ ለነጩ ድሃ በሥራ ቅድሚያ ይሰጠው ብሎ ተከራክሯል።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። ፈርቩርድ ድሃን አይቶ የሚያልፍ ሰው አልነበረም። የድሃን ቤት ማጥናት፣ ችግሩን በቁጥር መመዝገብ፣ መንግሥትን መጠየቅ ያውቅበታል። ዕውቀቱ ሁሉ ነበረው፤ የጎደለው ጥቁሩን ድሃ ከድሆቹ መካከል መቁጠር ነበር።

ጥቁሮቹ የራሳቸውን የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት ያገኙት በ1941 ነው። ጆሃንስበርግ የተከፈተው ይህ ትምህርት ቤት በአገሪቱ ጥቁር ሶሻል ወርከሮችን ለማሠልጠን የመጀመሪያው ሲሆን፣ የተሰየመው በዘመኑ በለዘብተኛነታቸው በሚታወቁት ሚኒስትር በያን ሆፍሜየር ነው። መሥራቹና ዳይሬክተሩ ሬይ ፊሊፕስ የተባሉ አሜሪካዊ ሚሲዮናዊ ነበሩ። ፊሊፕስ በጎ ሰው ነበሩ፤ በጎነታቸው ግን የጊዜው ነበር። በ1922 የነጭ ማዕድን ሠራተኞች አመፅ ጆሃንስበርግን ሲያናውጥ፣ በየካምፑ የታጎሩት ጥቁር ሠራተኞች ወጥተው ግጭት ውስጥ እንዳይገቡ የቻርሊ ቻፕሊን ፊልም ያሳዩ የነበሩት እሳቸው ናቸው። ሐሳባቸው ግልጽ ነው። ሥራ ፈቶ የሚውል ጥቁር ለአመፅ ይጋለጣልና መዝናኛ፣ ስፖርትና ምክር ይሰጠው የሚል ነው። ትምህርት ቤቱንም ሲከፍቱ ሕዝቡን የሚያረጋጉ የተማሩ ጥቁሮች ይወጡልኛል ብለው ተስፋ ሳያደርጉ አልቀሩም።

የወጡት ግን ሌሎች ናቸው።

ምክንያቱን ለመረዳት የሙያውን ጠባይ ማየት ይበቃል። ሶሻል ወርክ ከመጽሐፍ ብቻ አይማሩትም። ተማሪው መንደር ገብቶ በር ያንኳኳል። ስንት ሰው በአንድ ክፍል እንደሚተኛ፣ አባትየው የት እንደሄደ፣ ሕፃኑ ለምን እንደሞተ ይጠይቃል። መቶ ቤት የጠየቀ ሰው መቶ ልዩ ልዩ መልስ ያገኛል ብሎ ይጀምራል፤ ሲጨርስ ግን መልሱ አንድ ሆኖ ያገኘዋል። አባትየው የሌለው የመንቀሳቀሻ ፓስ ስለሌለው ነው። ሕፃኑ የሞተው ደመወዙ ወተት ስለማይገዛ ነው። ይህን ያየ ወጣት «ምክር ልስጣችሁ» ለማለት አፉ ይያያዛል። ደግሞም ፊሊፕስ ከመሥራቾቹ አንዱ የነበሩበት የጥቁር ወንዶች ማኅበራዊ ማዕከል፣ በ1944 ማንዴላ፣ ሲሱሉ፣ ታምቦና ለምበዴ የኤ.ኤን.ሲን የወጣቶች ሊግ የመሠረቱበት አዳራሽ ነው።

ከተመራቂዎቹ አንዱ ከዛሬዋ ዚምባብዌ የመጡት ጆሹዋ ንኮሞ ናቸው። በ1947 ወደ ቡላዋዮ ተመልሰው በሮዴዥያ ምድር ባቡር የጥቁር ሠራተኞች የደኅንነት ሹም ሆኑ። ሥራቸው የሠራተኛውን ብሶት ሰምቶ ለአለቆች ማቅረብ ነበር። አለቆቹ የፈለጉት ብሶቱ በሥርዓት እንዲቀርብላቸው ይሆናል። ንኮሞ ግን ብሶት ሰሚ ሆነው አልቀሩም፤ የጥቁር የባቡር ሠራተኞች ማኅበር ዋና ጸሐፊ ሆኑ። ከዚያ የነጻነት ትግል መሪ፣ ከ1964 እስከ 1974 እስረኛ፣ ከነጻነት በኋላ ሚኒስትር፣ ኋላም ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነው በ1999 አረፉ።

ሞዛምቢካዊው ኤድዋርዶ ሞንድላኔም በዚያው ትምህርት ቤት አንድ ዓመት ተምረዋል። ቀጥሎ የገቡበትን የዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ የአፓርታይድ መንግሥት በ1949 የመኖሪያ ፈቃድ ከልክሎ አስጣላቸው። አሜሪካ ሄደው በሶሲዮሎጂ እስከ ዶክትሬት ደረሱ፤ በተባበሩት መንግሥታት ሠሩ። ከዚያ ምቹ ኑሮ ተነሥተው በ1962 የፍሬሊሞ መሪ ሆኑ። በ1969 ዳሬሰላም ላይ በመጽሐፍ ውስጥ ተደብቆ በተላከላቸው ቦምብ ተገደሉ።

የእኔ ልብ ይበልጥ የሚያዘነብለው ግን ወደ ወይዘሮ ኤለን ኩዝዋዮ ነው። በ1914 የተወለዱ መምህርት ነበሩ። ፈርቩርድ የጥቁሮችን ትምህርት ለጉልበት ሥራ ብቻ የሚመጥን ለማድረግ የባንቱ ትምህርት ሕግን ባወጣበት በ1953፣ አርባ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀራቸው፣ ከልጅ እግር ተማሪዎች ጋር ተቀምጠው ሶሻል ወርክ መማር ጀመሩ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት በሶዌቶ ከሴቶችና ከወጣቶች ጋር ሠሩ። ከ1976ቱ የተማሪዎች አመፅ በኋላ ሶዌቶን ለመምራት በተመረጠው የአሥር ሰዎች ኮሚቴ ውስጥ ገቡ፤ ያለ ፍርድም አምስት ወር ታሰሩ። በ1985 «ሴት ብላችሁ ጥሩኝ» እንደማለት ያለ ርዕስ የሰጡትን የሕይወት ታሪካቸውን አሳተሙ። ሲ.ኤን.ኤ የተባለውን የአገሪቱን ታላቅ የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ሲያገኙ ከጥቁር ደራስያን የመጀመሪያዋ ሆኑ። በመጽሐፉ መጨረሻ ላይ ሐኪምና የሕግ ባለሙያ የሆኑ ጥቁር ሴቶችን ስም በዝርዝር አስፍረዋል። የሶሻል ወርከር እጅ ይህ ነው፤ ስለ ራሱ ሲጽፍ እንኳ ሌላውን ይቆጥራል። በ1994 የፓርላማ አባል ሆኑ፤ በ2006 ዓለምን ተሰናበቱ።

አሁን ወደ እናቴ ጥያቄ ልመለስ። ዊኒ ማዲኪዜላ ከፖንዶላንድ ገጠር ወደ ጆሃንስበርግ የመጡት በዚያው በ1953፣ በ17 ዓመታቸው ገደማ ነው። በ1955 መጨረሻ ከክፍላቸው አንደኛ ሆነው ተመረቁ። አሜሪካ ሄደው እንዲማሩ ነጻ የትምህርት ዕድል ቢቀርብላቸውም ባራግዋናት ሆስፒታልን መረጡ። የመጀመሪያዋ ጥቁር የሕክምና ሶሻል ወርከር ሆኑ። ሐኪሙ ስለ በሽታው ሲጠይቅ እሳቸው በሽተኛው ከአልጋው ሲነሣ ወደ የት እንደሚሄድ ይጠይቃሉ። አሌክሳንድራ በተባለው የድሆች ሰፈር እየዞሩም የሕፃናትን ሞት አጠኑ። እሳቸው ራሳቸው እንደተናገሩት ፖለቲካን የጀመሩት በባላቸው አይደለም፤ ማንዴላን ከማግኘታቸው በፊት በዚያ ጥናት ላይ ያዩት ነው ያነቃቸው።

በ1958 ተጋቡ። በዚያው ዓመት የፓስ ሕግን ተቃውመው ከሌሎች ሴቶች ጋር ሲታሰሩ የሆስፒታሉን ሥራ አጡ። ከዚያም በጆሃንስበርግ የሕፃናት ደኅንነት ማኅበር ተቀጠሩ። እንግዲህ ማንዴላ ኮልፌ በነበሩ ጊዜ ቤቱን ያቆመው ይህ ደመወዝ ነው። በ1965 ከሰፈራቸው እንዳይወጡ የሚያግድ ትእዛዝ ሲደርሳቸው እሱም ቀረ። በ1969 ታስረው ከአራት መቶ ቀናት በላይ ለብቻቸው ተዘግቶባቸው ቆዩ። በ1977 ብራንድፎርት ወደምትባል የማያውቋት ከተማ በግዞት ሲወሰዱ፣ እዚያም ክሊኒክና የሕፃናት መዋያ አቋቋሙ። ሙያው ከእጃቸው አልወጣም።

ታሪኩን እዚህ ላይ ብጨርሰው ውብ ይሆን ነበር፤ እውነት ግን አይሆንም። በ1988 መጨረሻ ስቶምፒ ሰይፔ የተባለ የ14 ዓመት ልጅ ከሌሎች ሦስት ልጆች ጋር ከአንድ ቄስ ቤት ተወስዶ ሶዌቶ ከሚገኘው የወይዘሮ ዊኒ ቤት ተደበደበ። ኋላም ተገድሎ ተገኘ። ገዳዩ የእሳቸው ጠባቂ የነበረ ሰው ነው። እሳቸው እጄ የለበትም ቢሉም፣ በ1991 ፍርድ ቤት በጠለፋ ጥፋተኛ አላቸው፤ በይግባኝ የእስራት ቅጣቱ በገደብና በገንዘብ መቀጮ ተለወጠ። የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽንም በ1998 በክለቡ ለተፈጸመው በደል ተጠያቂ መሆናቸውን መሰከረ። በአሌክሳንድራ የሞቱ ሕፃናትን እየቆጠሩ ሕይወታቸውን የጀመሩት ሴት ቤት አንድ ሕፃን ተደበደበ። ይህን ለማስተባበል የሚከጅላቸው ወዳጆቻቸው አሉ፤ በዚህ አንድ ነገር የቀረውን ሕይወታቸውን ሁሉ የሚሰርዙም አሉ። እኔ ከሁለቱም አልተስማማሁም። ግርፋት፣ እስራትና ግዞት ሰውን ምን እንደሚያደርጉት መመዝገብ አለበት፤ የልጁም ስም እንዲሁ።

የጆሃንስበርጉ ትምህርት ቤት ሃያ ዓመት ያህል ኖሮ በባንቱ ትምህርት ሕግ ዘመን ተዘጋ። የሶሻል ወርክ ፕሮፌሰር የነበረው ሰው መንግሥት የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤትን አላኖረም። የእኛው የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው በዚያው ዘመን፣ በ1959 ነው። እሱም ከ1966 ዓ.ም አብዮት በኋላ ተዘጋ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በድኅረ ምረቃ ደረጃ እንደገና የተከፈተው በ2004 ነው። በመካከሉ የ1977 ዓ.ም ረሃብ አልፏል። የቤት ለቤት ጠያቂ እጅግ በሚያስፈልጋት ሰዓት፣ አገራችን በስሙ የሚጠራ የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት አልነበራትም። የእኛን ተመራቂዎች ታሪክ ማን ይጽፈው ይሆን? በየቀበሌው፣ በየሆስፒታሉ፣ በየወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያው የቀሩ ሰዎች ናቸውና ሐውልት የላቸውም።

አንድ ሰው ተመርቆ ምን ደረሰ ሲባል ሹመቱን እንቆጥራለን። እኔም ከላይ ምክትል ፕሬዚዳንት፣ የፓርላማ አባል እያልኩ ይህንኑ አድርጌአለሁ። አሁን ሳስበው ግን ዋናው መለኪያ ሌላ ነው፤ ሰውየው ማንን ቆጠረ፣ ማንን ሳይቆጥር አለፈ የሚለው ነው። በዚህ መለኪያ ፕሮፌሰር ፈርቩርድ ወድቋል። ወይዘሮ ኩዝዋዮ አልፈዋል። ወይዘሮ ዊኒ ለብዙ ዓመት አለፉ፤ አንድ ቀን ወደቁ።

ይህን ሁሉ ለእናቴ ነገርኳት። ስለ ንኮሞም፣ ስለ ሞንድላኔም በጸጥታ አዳመጠችኝ። ስቶምፒ ጋ ስደርስ ግን ሲኒዋን አስቀመጠችና፣ «የልጁ እናትስ?» አለችኝ።

በ1997 ኮሚሽኑ ፊት ሁለቱ ሴቶች ተቃቅፈው መታየታቸውን ነገርኳት።

«እሱንማ ፎቶ አንሺው አየው» አለችኝ። «ከዚያ በኋላ ቤቷ ሄዶ የጠየቃት ሰው አለ ወይ ነው የምልህ።»