ጅራት የሌለው “ጊንጥ”

ጊንጥ ሲባል ብዙዎቻችን ቀድሞ ትዝ የሚለን የተቆለመመው ጅራቱ ነው። “ሐሰተኛ ጊንጥ” የሚባለው ፍጡር ግን ጅራትም መንደፊያም የለውም። የሸረሪትና የጊንጥ ዘመድ በመሆኑ ስምንት እግሮች አሉት፤ ከፊቱም ጊንጥ የሚያስመስሉትን ሁለት መቆንጠጫዎች ዘርግቶ ይሄዳል። ርዝመቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው።

እስካሁን ከ4,000 በላይ ዝርያዎቹ ተመዝግበዋል። በረገፈ ቅጠል፣ በዛፍ ቅርፊት፣ በዋሻና በባሕር ዳርቻ ይኖራሉ። አንዳንዶቹ አራት፣ ሌሎቹ ሁለት ዓይን ሲኖራቸው፣ ከዋሻ ነዋሪዎቹ መካከል ጨርሶ ዓይን የሌላቸው አሉ። በአሜሪካ ኒው ዮርክ ግዛት የተገኘው ቅሪተ አካል 380 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ነው።

የብዙዎቹ መርዝ የሚገኘው በመቆንጠጫቸው ጣቶች ላይ ነው። ጥቃቅን ነፍሳትን ለማደን ይጠቅማቸዋል እንጂ ሰውን አይጎዳም። ከመንጋጋቸው በሚወጣ ክር ጎጆ ይሠራሉ። ክንፍ ባይኖራቸውም የዝንብን ወይም የጢንዚዛን አካል ቆንጥጠው ይዘው ሩቅ ይጓዛሉ።

ከሰው ጋር የሚያገናኛቸው አንዱ መጽሐፍ ነው። እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1665 ባሳተመው የማይክሮስኮፕ ምልከታ መጽሐፍ ውስጥ አንዱን ገልጾታል። በቤት የሚገኘው ዝርያ በአሮጌ መጻሕፍት መካከል ሻጋታና ሙጫ የሚበሉ ጥቃቅን ነፍሳትን እያደነ ይኖራል። እንደ ዳጋ እስጢፋኖስ ባሉ የጣና ገዳማት ለሚገኙት ዓይነት ጥንታዊ መጻሕፍት ጠባቂዎች ይህ ቁም ነገር አለው። ሐሰተኛ ጊንጥ በመጽሐፍ መካከል ቢታይ መጽሐፉን የሚበላው እሱ አይደለም። መገኘቱ ግን የሚያድናቸው ተባዮች፣ ምናልባትም እርጥበትና ሻጋታ፣ መኖራቸውን ይጠቁማል።

ሁለተኛው የንብ ቀፎ ነው። ኤሊንግሴኒየስ የተባለው ወገን በአፍሪካ ከማር ንቦች ጋር ይኖራል። በኢትዮጵያም የታየው ቫሮዋ የተባለ የንብ ጥገኛ ተባይ በዓለም ንብ አናቢዎችን ያስጨንቃል፤ አንዳንድ ሐሰተኛ ጊንጦች ይህን ተባይ ሲበሉ በቤተ ሙከራ ታይተዋል። በቀፎ ውስጥ ብቻቸውን መንጋውን ያድናሉ ማለት ግን አይደለም። ስንጥቅ የሚበዛበት ባህላዊ ቀፎ መሸሸጊያ ሲሆናቸው፣ ልሙጡ ዘመናዊ ሣጥን እምብዛም አይመቻቸውም። ቫሮዋን ለማጥፋት የሚረጭ ኬሚካልም እነሱን ሊገድል ይችላል።

ስለዚህ በአንበሳሜ አካባቢ ቀፎ የሚከፍት አናቢም ሆነ ባሕር ዳር ላይ መደርደሪያውን የሚያጸዳ አንባቢ ባለ መቆንጠጫ ትንሽ ፍጡር ቢያይ፣ ከመጨፍለቁ በፊት ጅራቱን ይመልከት። ጅራት ከሌለው ጠላት አይደለም።